የክኔሴቱ እንግዳ

አያ ቃኘው ሞተው የተገኙት እስራኤል አገር፣ ናታኒያ ከተማ፣ ኪርያት ኖርዳው ሰፈር ውስጥ፣ ከአንድ አሮጌ ሕንፃ ሥር ባለው ሚክላት ነው። ሚክላት የጦርነት ጊዜ መጠለያ ነው። ሮኬት በማይወርድበት ዘመን ግን ከጎንደር የመጡት አይሁድ ሽማግሌዎች ወንበር ደርድረው፣ መጋረጃ ጋርደው ጸሎት ቤት አድርገውታል። በሩ ወፍራም ብረት ነው፤ እጀታው ብቻ የሰው ክንድ ያክላል። ሽማግሌው የወደቁት ከዚህ በር ሥር ነበር።

መጀመሪያ ያየቻቸው ሐጊት ናት፤ የሕንፃው ነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ። የሚክላቱ መብራት ሲበራ ማደሩን አይታ፣ ዛሬስ ልክ አስገባቸዋለሁ እያለች ወረደች። የወጣችው እየጮኸች ነው።

መርማሪዋ ዓይናዲስ ስትደርስ ከሌሊቱ ዝናብ የተረፈው ውሃ ገና በደረጃው ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ዓይናዲስ እ.ኤ.አ. በ1991 ሰው በሰው ላይ ተጭኖ በመጣበት አውሮፕላን ከአዲስ አበባ ስትመጣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረች። አሁን፣ በ2008፣ የናታኒያ ፖሊስ መርማሪ ናት። አለቃዋ ያኮቭ ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን የሐበሻ ስም ያለበት ጉዳይ በመጣ ቁጥር መዝገበ ቃላት እንደሚያነሣ ሰው እሷን ይጠራል። ይሄ ነገር ሁልጊዜ ያበሳጫታል። የዚያን ዕለት ግን ለመበሳጨትም ጊዜ አላገኘችም።

በእጀታው ጫፍ ላይ ደም አለ። ከአያ ቃኘው ማጅራት ሥርም ደም አለ። ከዚያ ሌላ ግን ሰውዬው የተገደሉ ሳይሆን የተኙ ይመስላሉ። ዓይናቸው ተከድኗል፣ እግራቸው ተቃንቷል፣ ጫማቸው ወልቆ ከጎናቸው ተቀምጧል፤ ሁለቱ የእግራቸው አውራ ጣቶች ከነጠላ ጫፍ በተመዘዘ ክር አንድ ላይ ታስረዋል።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለ ያኮቭ ወደ ታሰሩት ጣቶች እያመለከተ። «እብድ ነው የገደላቸው?»

«ግንዘት ነው» አለችው። «አገራችን ሰው ሲሞት የቅርብ ሰው እንዲህ አድርጎ ያስተካክለዋል።»

«ገድሎ ካበቃ በኋላ አስተካከላቸው ማለት ነው።»

ዓይናዲስ አልመለሰችለትም። ከደረጃው መሐል አንዲት በዝናብ የራሰች ወረቀት አይታ ጎንበስ ብላ ነበር። በጀርባዋ ሙጫ ያላት፣ ደረት ላይ የምትለጠፍ ናት። መቅረዝ ተስሎባታል፤ ከሥሩ በዕብራይስጥ «ክኔሴት» ይላል፣ ቀጥሎም «እንግዳ»። ቀኑ የትናንት ነው። ኢየሩሳሌም ያለው የአገሪቱ ፓርላማ ለጎብኚ የሚሰጣት ወረቀት መሆኗን ያኮቭ ወዲያው አወቀ። ኪርያት ኖርዳው አውቶቡስ ጠብቆ ሥራ የሚሄድ፣ አውቶቡስ ጠብቆ የሚመለስ ሰው ሰፈር ነው። ፓርላማ ጎብኝቶ የሚመጣ ማን አለ?

ደጅ ላይ ሽማግሌዎቹና አሮጊቶቹ ተሰብስበዋል። የአስከሬን መኪናው ሲመጣ ሬሳው ወደ ምርመራ እንጂ ወደ ቤት እንደማይሄድ ነገረቻቸው። አንዲት አሮጊት፣ የገዛ ሰዋችንን ልንነካው እንኳ አትፈቅዱልንም ወይ ብለው አለቀሱ። ሕግ ግን ሕግ ነው። ሰዎቹ እያለቀሱ አንድ በአንድ ጉንጯን ሳሟት። አያ ሙላት ብቻ፣ የሟቹ የልጅነት ጓደኛ፣ ከዛፉ ሥር ሆነው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉላት። ሽጉጥ የታጠቀች ሴት መሳም ደስ አላላቸውም ይሆናል ብላ አለፈችው።

ሁሉንም ትናንት ማታ የት እንደነበሩ ጠየቀች። አያ ሙላት ቤታቸው በረንዳ ላይ እንደነበሩ ተናገሩ። ሚስታቸው ወይዘሮ ባንችም ከሥራ ስትገባ በረንዳው ላይ እንዳገኘቻቸው መሰከረች።

ያኮቭ መጀመሪያ የተጠራጠረው ሐጊትን ነበር። ሽማግሌዎቹ ጎህ ሳይቀድ እየጸለዩ እንቅልፍ ነሱኝ ስትል ዓመት ሙሉ ከአያ ቃኘው ጋር ስትጨቃጨቅ ኖራለች፤ በሩን አስበይደዋለሁ እስከማለት ደርሳለች። ሐጊት ይህን ሁሉ አልካደችም። ማታውን ግን በጎረቤት ከተማ ክፋር ዮና፣ ልጇ ቤት፣ የልጅ ልጇ ልደት ላይ ነበረች። ኬክ በእጇ ይዛ ስትጨፍር የሚያሳየውን ቪዲዮ ያኮቭ ተቀምጦ እስከ መጨረሻው አየው። የዘፈኑን ዜማ ሳይወድ እያፏጨ ነው ቢሮ የተመለሰው።

የክኔሴቷ ወረቀት ግን ባለቤት አላጣችም። ናታኒያ ካሉት ኮሌጆች በአንዱ የውጭ አገር ተማሪዎች አስተባባሪ የሆነችው ኖዓ፣ ዓይናዲስ የክኔሴትን የጎብኚዎች ዝርዝር አይታ ስትደውልላት፣ ትናንት ተማሪዎቿን ክኔሴት አስጎብኝታ እንደነበር ተናገረች። ከመካከላቸው አንድ ኢትዮጵያዊ አለ፤ ሰይፉ ይባላል፣ ከጎንደር በነፃ ትምህርት ዕድል የመጣ።

ሰይፉ ቀጭን፣ ጨዋ ልጅ ነው። ዓይናዲስን እንዳየ ተነሥቶ እጇን በሁለት እጁ ጨብጦ ሰላም አላት። ክኔሴትን ስለመጎብኘቱ ስትጠይቀው ፊቱ በራ። በሩ ላይ ሲፈትሹት ፈርቶ እንደነበር፣ ወረቀቷን ደረቱ ላይ ሲለጥፉለት ግን ሰው የሆነ እንደመሰለው ነገራት። ከላይ ከመስታወት ጀርባ አስቀመጧቸው። ከሥር አንዱ ይጮሃል፣ አንዱ ጋዜጣ ያነባል፣ አብዛኛው ወንበር ባዶ ነው። እናቱ ጎንደር ውስጥ፣ ወደ እስራኤል ለመምጣት ተራ ከሚጠብቁት ጋር ዓመታት አሳልፋለች። የእናቴ ነገር የሚወሰነው እዚህ ነው እንዴ? ብሎ ራሱን እንደጠየቀ ሲናገር ሳቅም እንባም አጣደፈው።

ከዚያስ? ስትለው፣ ከጓደኞቹ ጋር በአውቶቡስ ተመልሶ መተኛቱን ነገራት። ወረቀቷን የት እንደጣላት አያስታውስም።

ኖዓ ግን ሌላ ነገር ነበር የተናገረችው። ተማሪዎቹ ከጉብኝቱ በኋላ ገበያ ሲገቡ ሰይፉ ቸኩሎ ነበር፤ ቀድሜ ልሂድ ብሎ አስፈቅዶ ብቻውን ተሳፈረ። ዓይናዲስ ይህን ስትነግረው የልጁ ፊት ተለወጠ። አዎ፣ ሚክላቱ ጋ ሄጄ ነበር አለ። አያ ቃኘው የእናቱ የትውልድ መንደር ሰው ናቸው። እዚህ አገር ስኖር ክኔሴትን በቴሌቪዥን እንጂ በዓይኔ አላየሁትም፣ አይተህ ና ብለውት ነበር። ወረቀቷን ከደረቱ ያላነሣት ሊያሳያቸው ብሎ ነው።

«ደረስክ። ከዚያ?»

«በሩ ገርበብ ብሏል፣ መብራት አለ። ተመለስኩ።»

«ያን ያህል መንገድ ቸኩለህ መጥተህ፣ በር ላይ ደርሰህ ትመለሳለህ?»

ሰይፉ ወረቀቷ ተለጥፋበት የነበረውን ደረቱን ዳበሰ።

«ውስጥ ድምፅ ሰማህ?»

ሰይፉ እጆቹን አየ። «አልሰማሁም» አለ፤ ያልሰማ ሰው እንዲህ ቀስ ብሎ አይናገርም።

ያኮቭ ከዚህ በላይ አልጠበቀም። ልጁ ዋሽቷል፣ በቦታው ነበር፣ ግንዘቱን ከሚያውቅ አገር መጥቷል። ዳኛ ፊት ቀርቦ እንዲታሰር ተፈቀደ። ዓይናዲስ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ከያኮቭ ይልቅ እሷ ታውቃለች። ልጁ ቢፈረድበት እሱ ብቻ አይደለም የሚጠፋው፤ የእናቱም ተስፋ ከእሱ ጋር ያከትማል። ልጇ ነፍሰ ገዳይ የተባለ ሴት ተራዋ መቼም አይደርስም።

«ገዳዩ እሱ ካልሆነ ለምን አይናገርም?» አለ ያኮቭ።

«ይሄንኑ ነው እኔም የምጠይቀው» አለችው። «ለአንድ ሰው እየተከላከለ ነው።»

እውነቱን ለመናገር ይህን ስትል በእጇ አንድም ነገር አልነበራትም። ሰይፉን በተከታታይ ጠየቀችው፤ ሆድ ይፍጀው ብሎ ዘጋባት። አንድ ነገር ብቻ አወጣች። እናቱ ትሁኔ ትባላለች። ናታኒያ ውስጥ ወንድም አላት። ልጁ እንደመጣ የአጎቱን በር አንኳኩቶ ነበር፤ አጎቱ ግን እኅት የለኝም፣ ቤት ተሳስተህ ነው ብለው መለሱት። አጎትህ ማን ናቸው? ስትለው ግን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

አያ ቃኘው ከተቀበሩ በኋላ ዓይናዲስ ለቅሶ ደረሰች። ሬሳው ከምርመራ በቀጥታ ወደ መቃብር ነው የሄደው፤ ያነሡትም የቀበሩትም የቀብር ማኅበሩ ሠራተኞች ናቸው፣ ከዘመድ ወገን የነካ የለም። ይህ ነገር አሁንም ሰዉን እያስለቀሰ ነው። ሕንፃው ሥር በተተከለው ድንኳን ውስጥ ሰዉ ጥግ ለጥግ ተጣቦ ተቀምጧል። አያ ሙላት ግን ከድንኳኑ ውጭ፣ በካፊያው፣ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ብቻቸውን ናቸው። ሻይ ሲያመጡላቸው በሚጣል ብርጭቆ ይሁን አሉ። ልጅቷ ብርጭቆውን ልትሰጣቸው እጇን ስትዘረጋ፣ መሬት ላይ አስቀምጪው አሏት። ጠጥተው ሲያበቁም ብርጭቆውን ራሳቸው ይዘውት በነበረው ከረጢት ከተቱት።

ዓይናዲስ ይህን ነገር ድሮ የሆነ ቦታ ያየችው መሰላት፤ ምን እንደሆነ ግን ወዲያው አልያዘችውም። ያዘነ ሰው ብዙ ያልተለመደ ነገር ያደርጋል።

በማግስቱ ወይዘሮ ባንችን ቤቷ ድረስ ሄዳ አነጋገረቻት። ባንች ልብስ እያጣጠፈች ነበር፤ ማውራት የምትወድ፣ የምትለውንም የማትደብቅ ሴት ናት። ባሏ እንዳስቸገሯት አማረረች። ጉንፋን ይዞኛል፣ ላጋባባችሁ አልፈልግም ብለው፣ በዚህ ብርድ በረንዳ ላይ ይተኛሉ። የሚበሉበትን ሳህን ለይተዋል፤ የተቀመጡበትን ወንበር ማንም እንዲነካ አይፈልጉም። የልጅ ልጃቸው ሮጣ ልታቅፋቸው ስትል፣ አትንኪኝ ብለው ሕፃኗን አስለቀሷት።

«ሳል አላቸው?» አለች ዓይናዲስ።

«የምን ሳል። አንድ ቀን እንኳ ሲያስነጥስ አልሰማሁትም።»

ዓይናዲስ ያን ጊዜ ያዘችው። ጎንደር፣ ስድስት ወይ ሰባት ዓመቷ ላይ፣ አያቷ የሞቱ ጊዜ ነው። አባቷ ሬሳውን ገንዘው ቀብረው ከመንደሩ ውጭ ካለች ጎጆ ተቀመጡ። ናፍቃቸው ሮጣ ስትሄድ እንደዚያ ተቆጥተዋት አያውቁም፤ አትንኪኝ! አሏት። ሬሳ የነካ ሰው ረክሷል፤ ሳምንቱ ሞልቶ በወራጅ ውሃ እስኪታጠብ ድረስ ከደጅ ይቀመጣል፣ ሰው አይነካም፣ ለብቻው ይበላል። እዚህ አገር ሬሳ የሚነካው ሌላ ሰው ሆነና ልማዱ ቀስ በቀስ ቀረ። ወጣቶቹማ ጨርሶ አያውቁትም።

«እናቴ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «በረንዳ ላይ መተኛት የጀመሩት መቼ ነው? ከቀብሩ ወዲህ ነው?»

«ኧረ ከዚያ በፊት! አያ ቃኘው ሞተው ከመገኘታቸው በፊት በነበረው ማታ። ከሥራ ስገባ ልብሱን አጥቦ አስጥቶ፣ እዚያው...»

የባንች እጅ ልብሱ ላይ ቆመ። እሷም የዚያው አገር ልጅ ናት። የተናገረችውን ነገር ገና አሁን ራሷ ሰማችው። ቀስ ብላ ተቀመጠች። ጉንፋን ነው ብሎኝ አመንኩት፣ ዕድሜ ልኬን የማውቀውን ነገር እንዴት አላየሁትም፣ አለች፤ ለማን እንደምትናገር አይታወቅም።

«አሁን የት ናቸው?»

«ዛሬ ቀኑ ሞላ» አለች ባንች። «ንጹሕ ልብስ አውጪልኝና በር ላይ ተይልኝ አለኝ። ባሕር እሄዳለሁ አለ።»

ዓይናዲስ ሮጠች።

የናታኒያ ባሕር ዳርቻ ከገደል ሥር ነው፤ በክረምት ሰው አይወርድበትም። ፀሐይዋ ወደ ውሃው ተጠግታለች፣ ማዕበሉ ከፍ ከፍ ይላል። አያ ሙላት ልብሳቸውን በፌስታል አድርገው ድንጋይ ላይ አስቀምጠው ውሃውን እያዩ ቆመዋል።

«አትጠጊ ልጄ» አሉ ዞር ሳይሉ። «ጥቂት ነው የቀረኝ።»

«ማንን ነክተው ነው አያ ሙላት?»

አያ ሙላት ጎንበስ ብለው ፌስታሉን ከማዕበሉ አራቁት።

«አያ ቃኘውን ፖሊስ አነሣቸው፣ ሌላ ሰው ቀበራቸው። ከሰፈሩ ሰው አንድም የነካቸው የለም። እርስዎ ግን ሐጊት ሳትጮህ፣ መርዶው ሳይነገር፣ ገና በማታው ከቤትዎ ወጡ። ማን ሞቶብዎት ነው ከደጅ የተቀመጡት?»

ሽማግሌው ዞሩ። ዓይናዲስ ክህደት ጠብቃ ነበር፤ ፊታቸው ላይ ያየችው ግን እፎይታ ነው።

«ያደረግሁት ሳይበቃኝ ቤቴንም ላርክስ?» አሉ። «ነፍስ አጠፋሁ። ሕጉንም ልተው ነበር?»

ተናገሩ። ለመናገር ብዙም አልተለመኑም። እኅታቸው ትሁኔ በችግሩ ዘመን ክርስቲያን አግብታ ተጠመቀች። አያ ሙላት ወደዚህ አገር ሊመጡ ሲጠየቁ፣ ወንድም እኅት አለህ? አሏቸው። የእኅታቸው መጠመቅ እሳቸውንም ከመንገድ የሚያስቀራቸው መሰላቸው፤ የለኝም አሉ። አንዴ የለኝም ያሉትን ሁለተኛ አለኝ ማለት አቃታቸው። ዓመቱ በተጨመረ ቁጥር ውሸቱ እየከበደ ሄደ። አያ ቃኘው ይህን ያውቁ ነበር። የዚያን ዕለት ማታ፣ ከጸሎት በኋላ፣ ሁለቱ ብቻቸውን ሲቀሩ፣ ነገ ጠዋት ወደዚህ የሚመጡትን ወደሚወስነው ቢሮ ሄጄ ትሁኔ እኅትህ መሆኗን እመሰክራለሁ፣ ያ ካልተመሰከረላት ተራዋ አይደርስም፣ አንተው ራስህ ብትናገር ግን ይሻላል አሏቸው።

«ልጁ ዛሬ ክኔሴት ገብቶ ተቀምጧል፣ የአገሩ መንግሥት በር ከፍቶለታል፤ የአንተ በር ግን ለእኅትህ ልጅ ተዘግቷል አለኝ።» አያ ሙላት በእጃቸው አየሩን ገፉ። «ዝም በል ብዬ ገፋሁት። መግፋት ብቻ ነው። እጀታው መታው። ስጠራው አልሰማኝም። እንዴት ጥዬው ልሂድ? ዓይኑን ከደንኩለት።»

«ልጁ እኮ በር ላይ ነበር» አለች ዓይናዲስ።

«የቱ ልጅ?»

«ሰይፉ። አያ ቃኘውን ሊያጫውት መጥቶ በር ላይ ደርሷል። ድምፅ ሰምቶ ነው የተመለሰው። የሰማው የማን ድምፅ እንደሆነ ብትገድሉኝ አልናገርም ብሎ ታስሯል።»

ሰይፉ ያልነገራትን ነው የነገረቻቸው፤ ግን እርግጠኛ ነበረች። አያ ሙላት አሸዋው ላይ ቁጭ አሉ። ልጁ መታሰሩን ሰምተዋል። ንጹሕ ስለሆነ ይለቁታል እያሉ ራሳቸውን ሲያታልሉ ሰንብተዋል። እያወቀ ዝም ማለቱን ግን አልሰሙም ነበር።

«ልታጠብ» አሉ በመጨረሻ። «ከዚያ የፈለግሽበት ውሰጂኝ። ረክሼ ልጁን መንካት አልችልም።»

ዓይናዲስ አመነታች። ባሕሩ ተቆጥቷል፣ ሰውዬው ሽማግሌ ናቸው፣ ወደ ውሃ የገባ ሁሉ ለመውጣት አይገባም። ያኮቭ ይህን ቢያይ ሥራዋን በዚያው ዕለት ታጣለች። ጫማዋን አወለቀችና አብራቸው እስከ ጉልበቷ ገባች። ውሃው አጥንት ይሰብራል። አያ ሙላት እስከ ደረታቸው ሄዱ፣ ከዚያ ጎንበስ ብለው ጠፉ። ማዕበል መጣና በላያቸው ሄደ። ዓይናዲስ እስትንፋሷን ይዛ ቆጠረች፤ ሌላ ማዕበል መጣ። ስማቸውን ጮኻ ልትጠራ አፏን ስትከፍት ነጭ ራሳቸው ብቅ አለ። እየተንገዳገዱ ወጥተው ንጹሑን ልብስ ለበሱና ፀሐይዋ እስክትጠልቅ ጠበቁ። ከዚያ ክንዳቸውን ለዓይናዲስ ሰጧት፤ ይዛ ወደ ገደሉ ደረጃ መራቻቸው።

ፖሊስ ጣቢያው ኮሪደር ላይ ሰይፉን አወጡት። ልጁ አያ ሙላትን ከነርጥብ ፀጉራቸው ሲያይ ምን እንደተፈጠረ ገባው፤ «እኔ አልተናገርኩም» አለ ቶሎ ብሎ፣ አጎቱን እያየ። አያ ሙላት ያኮቭ ሳያስቆማቸው ሄደው ሁለት ጉንጩን ደጋግመው ሳሙት። ሰይፉ መጀመሪያ እጁን አንጠልጥሎ ቆመ። ቀስ ብሎ ግን ግንባሩን ትከሻቸው ላይ አደረገ።

ቃላቸውን ለመቀበል ያኮቭ ከጠረጴዛው ጀርባ ተቀመጠ፣ ዓይናዲስ አስተረጎመች። እንደ ደንቡ ከቀላሉ ነው የጀመረው። ስም። የአባት ስም። የተወለዱበት ቦታ። አያ ሙላት ሁሉንም መለሱ። ቀጥሎ ያኮቭ ወንድም ወይም እኅት እንዳላቸው ጠየቀ። ለእሱ ከልማድ የሚያልፈው ጥያቄ ነው፤ ቀና ብሎ እንኳ አላየም።

ዓይናዲስ ጥያቄውን ቃል በቃል ወደ አማርኛ መለሰችው።

«አለችኝ» አሉ አያ ሙላት። «አንዲት እኅት አለችኝ። ትሁኔ ትባላለች፣ እዚያው ጎንደር ናት።»

ዓይናዲስ ተረጎመች። ያኮቭ ጽፎ ወደሚቀጥለው ሊያልፍ ሲል ሽማግሌው እጃቸውን አነሡና ወደ ወረቀቱ አመለከቱ።

«ጻፈው?» አሉ።

«ጽፎታል፣ አያ ሙላት።»

«ስሟን አንብብልኝ በይው።»